የቄስ ሚስት ኪኒን

በሰበካችን ሴቶች ዘንድ የተመሰገንኩት በሕመሜ ነበር። ሕመም መሆኑን ግን እነሱም እኔም አናውቅም። በእኛ ዘንድ ሴት ወር አበባዋ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ከውጭ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። እኔ ግን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ አራት ጊዜ ካልሆነ ውጭ ቆሜ አላውቅም። እሑድ በእሑድ ከውስጥ ነኝ። «የቄሱ ሚስት እንዴት ያለች የተባረከች ናት! ደጅ ቆማ ያያት የለም» ይባልልኝ ነበር። እኔም ምስጋናውን ሳልጠላ እቀበል ነበር። ጾም የማበዛ ስለሆንኩ ደሜ ቀነሰ፣ ሌላ ምን ይሆናል እል ነበር።

ያገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ያኔ ዲያቆን ነበር። በተክሊል ተጋባን፣ ቆረብን፣ በዓመቱ ቅስና ተቀበለ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የተማሪ ዩኒፎርምና የበዓል ቀሚስ እሰፋለሁ። እሱ ይቀድሳል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለችውን የአባቱን መሬት ደግሞ ገብስና ባቄላ ያርስባታል። ጥሩ ኑሮ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በአምስተኛው ዓመት የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆነ።

ቄስ አንዴ ነው የሚያገባው። ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ መስቀል ይዞ አይባርክም። ስለዚህ የሌላ ሰው ሚስት ልጅ ስታጣ «ይፈታት ይሆን?» ትባላለች፤ እኔን ግን ማንም እንዲያ አላለኝም። ይልቅ የሚያሳዝናቸው እሱ ነበር። አንድ ቀን ለአማቴ ውኃ ይዤላቸው ስሄድ በረንዳው ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ባቄላ እየፈለፈሉ ሲያወሩ ከአጥሩ ውጭ ሰማኋቸው።

«ልጄን ክህነቱ አሰረው እንጂ» አሉ አማቴ፣ «ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ሦስት አድርሶ ነበር።»

ገባሁ። ጎረቤቲቱ ፊቷን ወደ ባቄላው መለሰች። ጀሪካኑን ከጀርባዬ አወረድኩና «እማማ፣ ውኃውን የት ላስቀምጥልዎ?» አልኩ። አላለቀስኩም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የታሰረ ሰው ካለ የሚፈታበትን መንገድ የምፈልገው እኔ ነኝ ብዬ ወሰንኩ።

መንገዱን ያሳየችኝ አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ለወንድሟ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ሜትሩን በትከሻዋ ላይ ዘርግቼ ስለካት አገጬን ትኩር ብላ አየችው።

«ይሄን ፀጉር በምንድን ነው የምትነቅይው?»

«በክር። ክር ሞልቶኛል» አልኳት እየሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «ወር አበባሽስ በየስንት ጊዜው ነው የሚመጣው?»

«በዓመት ሦስት ጊዜ።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

ልኳን ከጻፍኩበት ወረቀት ጥግ ላይ ደብረ ብርሃን ያለችን አንዲት የሴቶች ሐኪም ስልክ ጻፈችልኝ። «ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ መድኃኒትም አለው። ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ» አለችኝ። ቀሚሷን ከሁሉ አስቀድሜ ሰፋሁላት።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከእርሻ ሲመለስ፣ እግሩን እየታጠበ ሳለ ነው። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ግን «አንተ» ነው።

«ጠበሉን አልጨረስንም እኮ» አለ።

«ጠበሉን ማን ተወው? ጠበሉንም እጠጣለሁ፣ ሐኪሟ ጋም እሄዳለሁ።»

እግሩን አደረቀና «እንግዲያስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሚስቴ ታማ ብቻዋን ትሄዳለች እንዴ?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ካልታመምሽ ለምን ትሄጃለሽ?»

ሁለታችንም ሳቅን። በሳምንቱ በጧት ሚኒባስ ተሳፈርን።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፈጣን ናት፤ ነገር አታለሳልስም። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ወዲያና ወዲህ ካንሸራሸረች በኋላ በሩን ከፍታ «አባታችን፣ ይግቡና ይዩ» ብላ ባለቤቴን ጠራችው። ጥምጥሙን እያስተካከለ ገባና ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ።

«ይሄ የእንቁላሏ ቤት ነው» አለች ጣቷን የመሣሪያው መስኮት ላይ እያሳረፈች። «እነዚህ ጥቋቁሮቹ ደግሞ እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች ናቸው። በየወሩ ከመካከላቸው አንዷ ከጓደኞቿ ተለይታ ማደግና መፈንዳት አለባት። የእሷዎቹ ግን እንደ ምስር ዳር ዳሩን ተደርድረው ቀርተዋል። አንዷ ባቄላ ማከል ነበረባት።»

ባለቤቴ ጠጋ ብሎ አየ። ስለ ባቄላና ምስር ሲሆን ገበሬ ነውና አያፍርም። «ምስሩን ባቄላ የሚያደርግ መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለ።»

የሕመሙን ስም ፒሲኦኤስ አለችኝ። የአገጬ ፀጉር፣ ወገቤ ላይ የተከማቸው ሥጋ፣ የደሜ መዘግየት ሁሉ ከዚያው እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔ ግን የምሻው አንድ ነገር ነበር። «መካን ነኝ ማለት ነው?» አልኳት።

«አይደለሽም። እንቁላል አለሽ፤ በጊዜው አይወጣም እንጂ።»

ይቺን ቃል ወደ አገራችን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በልቤ ስደጋግማት ነበር።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ዶክተሯ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ባለቤቴም መመርመር አለበት አለች። እንዴት እንደሚመረመር ስታስረዳው ፊቱ ልውጥ አለ። ወለል ወለሉን እያየ «ይሄማ አይሆንም። ኃጢአት ነው» አለ። እሷ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። «ሌላ መንገድ አለ፤ እንደ ባልና ሚስት ሆናችሁ ዘሩን መውሰድ ትችላላችሁ» አለችና ለዚሁ የተሠራ መያዣ ሰጠችን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳይቀዘቅዝ መድረስ እንዳለበትም ነገረችን። የባለቤቴ አክስት ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም። በማግስቱ ጧት አክስቱን «ለጉዞ የሚሆን ቅቤ ይግዙልን» ብለን ገበያ ላክናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክም። ባለቤቴ ግን ያችን ዕቃ በጋቢው ውስጥ ብብቱ ሥር ሸጉጦ በደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ሲራመድ፣ መንገደኛው ሁሉ «አባቴ ይባርኩኝ» እያለ ሲያስቆመው፣ እሱም በአንድ እጁ እየባረከ ሲሮጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው በሳቅ ሆዴን ያመኛል።

የእሱ ደህና ሆነ። በሚኒባሱ ውስጥ ጠጋ ብሎ «የእኔ ደህና መሆኑን ለእናቴ አንነግራትም» አለኝ።

«ለምን?»

«ችግሩ የእሷ ነው ማለት ነው ትላለች።»

«የእኔ ነው እኮ።»

«እኔ ደግሞ የማን እንደሆነ መስማት አልፈልግም» አለና ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ። የጓሣው ሣር ሜዳ በጉም ተሸፍኖ ነበር።

የኪኒኑ ስም ሌትሮዞል ነው። ዶክተሯ በሰጠችኝ ሌላ ኪኒን ደሜ ከመጣ በኋላ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ፣ ለአምስት ቀን ይዋጣል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄ በአልትራሳውንድ እታያለሁ። ከዚያ እስከ አሥራ ስድስተኛው ቀን ድረስ ባልና ሚስት ቀን እየዘለሉ መገናኘት አለባቸው። ዶክተሯ ይሄን ስትነግረን ባለቤቴ ከኪሱ ትንሿን የቀን መቁጠሪያ አወጣና መሰረዝ ጀመረ።

«ረቡዕ ጾም ነው። ዓርብም ጾም ነው። እሑድ እቀድሳለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ያሉትም ቀናት የሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሰሞነኛ ነኝ።»

ሰሞነኛ ማለት የሳምንቱ የቅዳሴ ተራ የደረሰው ቄስ ነው። ያን ሳምንት ከሚስቱ ርቆ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያድራል።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባታችን፣ ስንት ቀን ቀረን?»

«አንድም» አለ ባለቤቴ።

«እንቁላሏ እኮ የቀን መቁጠሪያ አታነብም።»

እሱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ሰሞኑን አስለውጣለሁ» አለ።

የመጀመሪያዋን ኪኒን የዋጥኩት ማክሰኞ ጧት በገብስ ቂጣ ነው። በሦስተኛው ቀን ከአንገቴ በላይ እንደ እሳት ይነድ ጀመር። ሰው ሁሉ ፎጣና ጋቢ ተከናንቦ በሚውልበት የመንዝ ብርድ እኔ ነጠላዬን ጥዬ በላብ ተጠምቄ እሰፋ ነበር። ራሴንም ያመኝ ነበር። ሥራ ግን አላቆምኩም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዶክተሯ አየችና «ምስሩ አሁንም ምስር ነው» አለች። የሚያሳዝን ነገር ነበር፤ እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም። «አንዳንዱ ሰውነት በትንሹ አይነቃም፤ መጠኑን እንጨምራለን» አለችኝ። እኔም የእሷን ፊት አይቼ ፊቴን አስተካከልኩ።

በሁለተኛው ዙር ሁለት ሁለት ኪኒን ዋጥኩ። ልታይ በምሄድበት ቀን መንገድ ተዘጋ፤ ለሦስት ቀን መኪና አልወጣም አልገባም። በግምት የተነገሩንን ቀናት ጠበቅን። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ደሜ መጣ። በስልክ ስነግራት ዶክተሯ «ጥሩ ነው!» አለች። «ልጅ አልሆነም እኮ» አልኳት። «በራሱ ጊዜ መምጣቱ እንቁላል መውጣቱን ሊያሳይ ይችላል። ከዚህ በፊት በሃያ ዘጠኝ ቀን መጥቶልሽ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም ነበር።

ዶክተሯ ጥሩ ያለችውን ሰፈሩ ክፉ አለው። በየወሩ አንድ እሑድ ከጽዱ ሥር መቆም ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ከውስጥ የኖረች የቄስ ሚስት ደጅ ስትቆም ዓይን አትስብም ማለት ዘበት ነው። የወር የወሩን ኪሳራዬን መላው ሰበካ ከእኔ እኩል ያውቅ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። በኋላ ተውኩት። ደጅ የቆሙት ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ልጆች ያሏቸው ናቸው፤ እኔ አሁን ገና የእነሱን መንገድ መያዜ ነው ብዬ ቀና ብዬ ማስቀደስ ጀመርኩ።

ሰሞን መለዋወጡ ግን ለባለቤቴ ቀላል አልሆነለትም። የሚለውጡለት የንስሐ አባታችን ናቸው፤ በደብሩ ካሉት ቄሶች ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጫፉ የተተረተረ ቀሚሳቸውን ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ስሰፋላቸው ቆዩና፦

«ባልሽ በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ሰሞን አስለወጠኝ» አሉ። «መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ጉዳይ አለብኝ አለ። ቀጥሎ እህቴ ታማለች አለ፤ እህቱን ግን በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ ስትገዛ ስትሸጥ አየኋት። አሁን ደግሞ ምን ሊለኝ ነው?»

መኪናዬን አቆምኩና እውነቱን ነገርኳቸው። ከምስሩ እስከ ባቄላው፣ ከሦስተኛው ቀን እስከ አሥራ ስድስተኛው፣ ሳልደብቅ።

አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ውሸት የሚያስፈልገው?» አሉ። «እኔ ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሁልጊዜም ሰሞነኛ ነኝ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ፣ እይዝላችኋለሁ። ባልሽንም ንስሐ ግባ በይው፣ የወፍጮ ቤቱ ጉዳይ አለበት።»

ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምነግራቸው እኔ ሆንኩ። ሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ «አባ፣ የፊታችን ሳምንት» እላለሁ፤ «እሺ ልጄ» ብለው ያልፋሉ። ሰው የቀሚስ ቀጠሮ ይመስለዋል።

በሦስተኛው ዙር ወሬው ወጣ። የባለቤቴ እህት መቀስ ፍለጋ የመኪናዬን መሳቢያ ስትከፍት የኪኒኑን ማሸጊያ አገኘች። ተምራለች፣ ስልክ አላት፤ ስሙን ጽፋ ፈለገች። የወጣላት «የጡት ካንሰር መድኃኒት» የሚል ነው። እኔን ሳትጠይቀኝ እያለቀሰች ወደ እናቷ ሮጠች። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ እጄን እየያዙ «ማርያም ትማርሽ» ይሉኝ ጀመር። አንዷ ጡቴን ጡቴን ታያለች። ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ሰኞ አማቴ ሱቄ መጥተው የተቆራረጠው ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

«ልጄ፣ ለምን ደበቅሽን? ካንሰር እኮ...»

«እማማ፣ የምን ካንሰር?»

የምሰጠው መልስ ሁለት ነበር። ዝም ብል የምሞት ሴት ሆኜ እቀራለሁ። ብናገር ደግሞ ልጅ ለመውለድ ኪኒን የምትውጥ የቄስ ሚስት ነኝ። አማቴን አጽናንቼ፣ ካንሰር እንደሌለብኝ በማርያም ስም አረጋግጬላቸው ላክኋቸው። የቀረውን ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ለሚሆነው ለማርያም ማኅበራችን አቆየሁት። ሴቶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት ያን ዕለት ነውና አንድ ጊዜ ተናግሬ መገላገል መረጥኩ።

ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ተነሣሁ።

«እኅቶቼ፣ ካንሰር የለብኝም» አልኩ። «የምውጠው ኪኒን ልጅ እንድወልድ ነው።»

ከወደ ጓዳው አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ታዲያ የካንሰር መድኃኒት ለልጅ ምን ሊያደርግ?» አለች።

«አንድ መቀስ ስንት ሥራ ይሠራል? እኔ በመቀሴ ጨርቅም እቆርጣለሁ፣ ክርም እበጥሳለሁ፣ የቄሱንም ጥፍር እቆርጣለሁ። ይሄም መድኃኒት ለዚያ ሕመም ይሰጣል፤ ለእኔ ደግሞ ለአምስት ቀን ብቻ ይሰጠኛል። እንቁላሌን ያሳድገዋል።»

«እንቁላል? እንደ ዶሮ?» አሉ አንዲት አሮጊት ጆሯቸውን እያቀኑ።

«አዎ እማማ፣ እንደ ዶሮ። የእኔዋ ዶሮ ግን ጎጆዋ ውስጥ ትገባለች፣ ትንጫጫለች፣ ሳትጥል ትወጣለች።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አሮጊቷ ሳቃቸውን ሲጨርሱ «የእኔም የመጀመሪያዋ ልጄ እንዲሁ ነበረች፣ ሳትወልድ ሞተች» አሉና ጠላቸውን ጎንጨት አሉ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው መጠየቅ ጀመረ፤ ደም ስለሚዘገይባት እህት፣ ጺም ስለምታወጣ የወንድም ሚስት። የማውቀውን ነገርኳቸው። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ።

አማቴ ከማኅበሩ አብረውኝ ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገዱ መሀል ላይ ቆም አሉ።

«ያን ጊዜ ባቄላ ስፈለፍል ሰምተሽኛል፣ አይደል?»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጀሪካኑ ከብዶኝ ነበር።»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። «አፌ ነው» አሉ። «የሚቀጥለውን ግን እኔ ነኝ ይዤሽ የምሄደው።»

ሦስተኛውም ዙር ያለ ልጅ አለፈና እውነትም ይዘውኝ ሄዱ። በአራተኛው ዙር፣ ሦስት ሦስት ኪኒን በዋጥኩበት ወር፣ አማቴ ዶክተሯ አጠገብ ቆመው የመሣሪያውን መስኮት ሲያዩ ዶክተሯ ድንገት ፈገግ አለች። «ይቻትና! ባቄላ አክላለች» አለች። አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት። ከደጅ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ልጅ የተወለደ መስሏቸው አብረው እልል አሉ። «እማማ፣ ገና ነው፣ ቀስ ይበሉ» ብትላቸውም አልሰሟትም።

ያን ወር ግን አልሆነም። ደሜ በሠላሳኛው ቀን መጣ፣ እኔም ከጽዱ ሥር ቆምኩ። ከእኔ ይልቅ የተሰበሩት አማቴ ነበሩ፤ ባቄላዋን በዓይናቸው አይተዋታልና። «እንዴት ትጠፋለች?» ይሉኛል። «የተዘራ ሁሉ ይበቅላል እንዴ እማማ? እርስዎ የገበሬ እናት ነዎት እኮ» አልኳቸው። እንዲያ ያልኩት ለእሳቸው ነው፤ ሱቄ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን አለቀስኩ።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ኀምሳ አምስቱን ቀን ባለቤቴ ከእኔ ይለያል፤ ይሄ ለቄስ የማይነካ ነው። እኔ ግን መንገዱ ገና ተከፍቶ መቆም አልፈለግሁም።

«ባቄላዋ ታየች እኮ! አሁን ብናቆም ተመልሳ ምስር ብትሆንስ?» አልኩት።

«በዐቢይ ጾም አልችልም። ይሄን አትጠይቂኝ» አለ።

«ሰሞኑን ለውጠህልኝ የለ? ጾሙንስ ምን ለየው?»

«ሰሞን የሰው ተራ ነው። ጾም ግን ከማን ጋር እለዋወጣለሁ?»

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ፤ እስካሁን ሲረዱኝ ስለነበር ለእኔ ይፈርዳሉ ብዬ ነበር። የተናገርኩትን ሁሉ ሰምተው «ሐኪሟ ማረፉ ይጎዳል አለችሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላለችም። ሁለት ወር ማረፍ ምንም አይደለም ነው ያለችኝ።»

«እንግዲያስ ይሄ የመድኃኒት ጉዳይ አይደለም፣ የችኮላ ነው። ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። የባልሽን ሰሞን ሁሉ እኔ እይዘዋለሁ። ሂጂና ታረቂ።»

ተናደድኩ። ግን ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸው ነበር ያናደደኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሽሮውን አቀረብኩለትና «ሃምሳውን አደራ» አልኩት። ጉንጮቹ እስኪቀሉ ሳቀ።

ጾሙን በስፌት አሳለፍኩት። ለፋሲካ የማይሰፋ ልብስ የለም፤ እግሬ ከመርገጫው አልወረደም። ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ዶክተሯ ደም የሚያመጣ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ደሜ መጣ፣ ሌትሮዞሉን ጀመርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና አንዲት ባቄላ ታየች። አማቴ በዚህ ጊዜ እልል አላሉም፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ። ንስሐ አባታችንም ቃላቸውን ጠበቁ። ያን ሳምንት በቤታችን ረቡዕም ዓርብም አልነበረም።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን አለፈ። ሠላሳኛው አለፈ። በሠላሳ አራተኛው ቀን ያችን አዋላጅ ነርስ ጠራኋትና የሽንት መመርመሪያውን ይዛልኝ መጣች። ሱቄ ጓዳ ውስጥ፣ በጨርቅ መጋረጃው ኋላ ሆነን ጠበቅን። አንደኛዋ መስመር ወጣች። ሁለተኛዋ ቀስ እያለች፣ መጀመሪያ የሌለች እየመሰለች፣ ከዚያ እየቀላች ወጣች። ነርሷ አቅፋኝ ጮኸች። እኔ አልጮኽኩም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና የጀመርኩትን ኮሌታ ሰፍቼ ጨረስኩ፤ እጄ የሚያውቀውን ሥራ ካልያዘ የምወድቅ መሰለኝ።

ባለቤቴ ከእርሻ ሲመጣ በሱቁ በኩል አለፈ። መመርመሪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ገልጦ አየው፣ አገላብጦም አየው።

«ሁለት መስመር ምንድን ነው?» አለ።

«አለ ማለት ነው።»

«ምኑ?»

«ልጁ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጥምጥሙን አወለቀ፤ ገበያ መሀል ጥምጥሙን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «ብርድ ነው፣ ነጠላሽን ልበሺ» አለኝ።

እርግዝናው ያለ ችግር አላለፈም። በስድስተኛው ወር ስኳሬ ከፍ አለ፤ ዶክተሯ ከዚያው ከፒሲኦኤሱ ጋር የሚሄድ ነገር እንደሆነ ነግራኝ ምግቤን አስተካከለችልኝ። አማቴ ዳቦዬን እየመጠኑ የሚቆርሱ ጠባቂ ሆኑብኝ። በጥር ወር፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በቀትር ሴት ልጅ ወለድኩ። ስትወጣ ጮኸች፤ ፀጉሯ ብዙ ነበር፤ እጆቿ የአባቷን እጆች ይመስላሉ። በሰማንያኛው ቀን ክርስትና ያነሷት ንስሐ አባታችን ናቸው። ከውኃው ሲያወጧት «የሃምሳው ፍሬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ የሰማነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።

አሁን ልጄ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሕመሙ አልጠፋም። ጡት ካስጣልኳት በኋላ ደሜ እንደ ድሮው መዘግየት ጀመረ፤ የአገጬንም ፀጉር አሁንም በክር እነቅላለሁ። ዶክተሯ ኪኒኑ በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አያድስም ብላኛለች። ሁለተኛ ልጅ ስንፈልግ ተመልሰን እንሄዳለን፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ስኳሩ እንዳይመለስብኝ ደግሞ በየጧቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት አንድ ሰዓት እንድራመድ አዝዛኛለች። ከከተማው ወጥቼ በገብስ ማሳዎቹ መሀል እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። ዛሬ ጧት ልጄ ጫማዋን በተቃራኒ እግሯ አድርጋ ተከተለችኝ። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ደከመኝ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አስተካክዬ አጠለቅሁላትና አዝያት ተመለስኩ።